የኦፒዮይድ ሱስን የሚያክም ባለሙያ የት ይሠልጥን?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮች። ይህን ክፍል የምቀርጸው ከደብረ ብርሃን ነው። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የኦፒዮይድ ሱስን ለማከም ምን ዓይነት ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል የሚለው ነው። ኦፒዮይድ ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ኮዴይን፣ ሄሮይንና ፌንታኒል የሚገኙበት የመድኃኒት ቤተሰብ ሲሆን፣ በእኛ አካባቢ ስሙ ይበልጥ የተለመደው ትራማዶል ነው። ትራማዶል አጥንቱ ለተሰበረና ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው ትልቅ እፎይታ ስለሆነ፣ ሥልጠናው ባለሙያውን አስፈራርቶ ታማሚን ማስታገሻ የሚያስከለክል ከሆነ ጉዳቱ እንደሚያመዝን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ።

እኔ እንደማምነው ሥልጠናው መጀመር ያለበት በተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል ከሚቀመጠው ባለሙያ ነው። ሱስ ያለበት ሰው «ሱስ አለብኝ» ብሎ ካርድ አያወጣም፤ ወገቤን አመመኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ይመጣል። መድኃኒቱ ሲቋረጥበት ያዛጋል፤ ዐይኑና አፍንጫው ውኃ ያወርዳሉ፤ ሰውነቱን ይወርረዋል፤ ይቆረጥመዋል፤ ያስቀምጠዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በዚህች ከተማ እነዚህን ምልክቶች ይዞ የመጣን ወጣት «ብርድ መትቶት ነው» ብሎ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማሰናበት እጅግ ቀላል ነው። ጉንፋን ግን የዐይን ብሌን አያሰፋም፤ ኦፒዮይድ መቋረጡ ያሰፋዋል። በኪስ የሚያዝ ባትሪ ያለውና ብሌን ማየት የለመደ ነርስ ይህን ልዩነት ለማየት ደቂቃ አይፈጅበትም፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው በር ዘግቶ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መጠየቅ ነው። የማቋረጥ ሕመሙን ክብደት ለመለካት የሚያገለግለው መመዘኛም 11 ነጥቦች ብቻ ያሉት ስለሆነ በአንድ ገጽ ታትሞ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል።

ትራማዶል ሌላም መሸሸጊያ አለው። በተለይ መጠኑ ሲበዛ፣ ወይም አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሴቲንን ከመሳሰሉ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ፣ ሰውን እስከ መጣል የሚያደርስ መንቀጥቀጥ ያስከትላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ያምናል፤ ባለሙያውም ስለ ትራማዶል ካልጠየቀ ፌኖባርቢታል አዝዞ ዋናውን ችግር ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል። እዚህ ላይ ከውጭ የመጣ የሥልጠና ሰነድ ብቻውን የማይበቃበትን ምክንያት ላንሣ። ትራማዶልንና ኮዴይንን በጉበት ውስጥ ወደ በረታ ኦፒዮይድ የሚቀይር ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል ተደጋግሞ እንደሚገኝባቸው አሳይቷል፤ ዘረ መሉ የተደጋገመበት ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ፈጥኖ ወደ በረታው ይቀይራል። ይህም ማለት ለአንዱ ሰው ልክ የሆነው እንክብል ለሌላው፣ ከአንድ ቀዬ ቢመጡም እንኳ፣ ትንፋሽ የሚያዳክም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የእኛን ሕዝብ ደም መርምሮ የተገኘ እውቀት በእኛው ሥልጠና ውስጥ የመጀመሪያውን ቦታ ሊይዝ ይገባዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ስለ ማቆም ያለን አስተሳሰብ ነው። ቤተሰብ ልጁን ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ይወስደዋል፤ ልጁም ሱባዔ ገብቶ፣ ሕመሙን ታግሦ፣ ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። የጸበሉን በረከት ማንም እንዲያቃልልብኝ አልፈልግም፤ ለብዙ ሰው ከሰው ጋር የታረቀበት ቦታ ነው። ነገር ግን ሰውነቱ በእነዚያ ሳምንታት መድኃኒቱን መልመዱን ይረሳል፤ ልጁ ሱሱ አገርሽቶበት የድሮውን መጠን በአንድ ጊዜ ከወሰደ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ከማረሚያ ቤት ለሚወጣውም ሆነ በሆስፒታል ተኝቶ መድኃኒቱን ላቆመው አደጋው ያው ነው። ስለዚህ ሠልጣኙ ባለሙያ «እንኳን ደስ ያለህ፣ አቆምህ» ብሎ ከመሸኘት ይልቅ ቀጣዩን ቀጠሮ አቅርቦ መስጠትን፣ ለእናቱም ልጇ እንቅልፍ ከብዶት፣ ብሌኑ ጠብቦ፣ ትንፋሹ ዘግይቶ ካየች ምን እንደምታደርግ ማስረዳትን መማር አለበት። የኦፒዮይድን ኃይል የሚሽረው ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት እንዲህ ያለውን ሰው ይመልሰዋል፤ ሆኖም ኃይሉ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይ፣ የነቃውን ሰው ወዲያው ወደ ቤቱ መላክ ለሁለተኛ ጊዜ ማጣት ሊሆን ይችላል።

የኦፒዮይድ ሱስ የሚታከምባቸው፣ ራሳቸውም ከኦፒዮይድ ቤተሰብ የሆኑት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን በየጤና ጣቢያው መደርደሪያ የሚገኙ መድኃኒቶች አይደሉም። ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ2005 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋልና ባለሙያዎቻችን ከአሁኑ ሊያውቋቸው ይገባል። «አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው» የሚለው ተቃውሞ በሥልጠናው መጀመሪያ ቀን በግልጽ መነሣትና መመለስ አለበት፤ ካልተነሣ ሠልጣኙ በልቡ ይዞት ይሄዳል። መልሱ ያለው በታካሚው ኑሮ ውስጥ ነው፦ በተመጠነ ሜታዶን የተረጋጋ ሰው አይሰክርም፣ ማለዳ ተነሥቶ አይንቀጠቀጥም፣ ሥራው ላይ ይውላል፣ የመሞት ዕድሉም ይቀንሳል።

ሥልጠናው እንዴት ይሰጥ ለሚለው የሁለት አገሮች ልምድ ያስተምረናል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ቡፕረኖርፊን የሚያዝ ሐኪም 8 ሰዓት ሠልጥኖ ልዩ ፈቃድ እንዲያወጣ ስታስገድድ ኖራ፣ በ2022 መጨረሻ ፈቃዱን አንሥታለች፤ ብዙዎቹ ፈቃዱን ያወጡ ሐኪሞች እንኳ ያከሙት ጥቂት ሰው ነበር። ፈረንሳይ በበኩሏ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ማንኛውም ጠቅላላ ሐኪም ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲያዝ ፈቀደች፤ ከ1995 እስከ 1999 ባለው ጊዜም፣ ሌሎች ምክንያቶች ቢታከሉበትም፣ ከመጠን በላይ በመውሰድ የሚደርሰው ሞት በ79 በመቶ ቀነሰ። ከዚህ የምረዳው ባለሙያው የሚፈልገው ከሰርተፊኬት ይልቅ የሚደግፈው ሰው መሆኑን ነው።

በሆቴል አዳራሽ ለጥቂት ቀናት ተሠልጥኖ፣ ውሎ አበል ተቀብሎ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ የተመለሰ ነርስ የመጀመሪያው ከባድ ታካሚ ሲመጣበት ብቻውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ ለጉበት ሕመምተኞች የጀመሩት ኤኮ የተባለው አሠራር እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ የገጠሩ ባለሙያ የታካሚውን ስም ሳይጠቅስ ጉዳዩን በቪዲዮ ያቀርባል፣ ስፔሻሊስቶችና ሌሎች የገጠር ባለሙያዎች አብረው ይመክሩበታል። ኔትወርክ ሲጠፋ ስልክም ይበቃል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፔቲዲንና ሞርፊን የሚቆለፍበት ቁምሳጥን ቁልፍ በእጃቸው የሚገኝ ባልደረቦቻችን ከማንም በላይ ለዚህ ሱስ የቀረቡ ናቸው፤ ሲያዙም ከማንም በላይ ይደብቃሉ፤ እንጀራቸው የተንጠለጠለበት ነውና። ሥልጠናው ለእነርሱም የሚሆን አንድ ሰዓት ይኑረው፤ በዚያ ሰዓት ውስጥም ራሱን ያገኘ ነርስ ወይም የሰመመን ባለሙያ ከሥራ መባረርን ሳይፈራ በማግስቱ የሚያነጋግረው ሰው ማን እንደሆነ በስልክ ቁጥሩ ጭምር ይነገረው።