ያበጠ ባትሪ አይታከምም
(ለሞባይል ጥገና ሠልጣኞች ምረቃ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ ወላጆች፣ የዛሬ ተመራቂዎች፤ እንኳን ደስ አላችሁ!

የተጋበዝኩት ስለ ሥራ ፈጠራ እንድናገር ነው። ስለ እሱ ከእኔ በኋላ የሚናገሩ አሉ። እኔ ስለ ባትሪ ልናገር። ስክሪን መቀየር ችላችኋል። የቻርጅ ሶኬት መበየድ ችላችኋል። ደንበኛ ቤት እሳት ሊያስነሳ የሚችለው ግን ባትሪው ነው።

ባለፈው ክረምት ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት ሱቄ መጡ። «ልጄ፣ ይሄ ስልክ ጀርባው እየተነሳ አስቸገረኝ። አንዴ አሠርቼው ነበር» አሉኝ። ተቀብዬ አየሁት። ስክሪኑ በአንድ በኩል ብድግ ብሏል። ጠርዙ ዙሪያውን በሙጫ ተለጥፏል። «እማማ፣ ማታ የት ነው ቻርጅ የሚያደርጉት?» አልኳቸው። «ትራሴ ሥር ነዋ! ከልጅ ልጄ ጋር ነው የምተኛው፤ ለትምህርት ቤት የሚቀሰቅሰን እሱ ነው» አሉ።

ስልኩን አጥፍቼ ደጅ ይዤው ወጣሁ። ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ባትሪው እንደ ድፎ ዳቦ ኩፍ ብሏል። አንድ ጎኑ ላይ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ከፕላስተሩ ሥር የመርፌ ቀዳዳ አለ። የቀድሞው ጠጋኝ በመርፌ በስቶ አስተንፍሶታል፤ ከዚያ ሸፍኖ፣ ተጭኖ፣ በሙጫ ዘግቶ መልሶላቸዋል። ያስከፈላቸው ደግሞ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ነው። ሴትዮዋ ያንን ይዘው ክረምቱን ሙሉ ከሕፃን ጋር ተኝተውበታል።

ያ ሰው ማን እንደሆነ አልናገርም። እንደሱ የሚሠሩ ግን ብዙ ናቸው፤ እዚህ ያለን የሙያው ሰዎች ሁላችንም እናውቃለን። ዝም ብለን ኖረናል። ከዛሬ ጀምሮ ዝም አንበል!

ባትሪውን የሚያሳብጠው ተራ አየር አይደለም። ባትሪው ሲበላሽ ውስጡ የሚፈጠር ጋዝ ነው፤ ሊቀጣጠል ይችላል። በፖዘቲቩና በኔጌቲቩ መካከል ያለው መለያያ ከፀጉር የሳሳ ፕላስቲክ ነው። መርፌው እሱን ከቀደደ ሁለቱ ይነካካሉ፤ ባትሪው ራሱን በራሱ ያግላል። የተነከረበት ፈሳሽም ተቀጣጣይ ነው።

«ምንም አይሆንም፣ ጫን አድርገህ አስገባው» ሲባል ስሰማ ትዝ የሚለኝ ጋላክሲ ኖት 7 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ስልኩ በየቦታው እየተቃጠለ ሲያስቸግር ሳምሰንግ ከገበያ ሰብስቦ ምርቱን አቆመ። በ2017 የምርመራውን ውጤት ሲያሳውቅ፣ ከተገኙት ጥፋቶች አንዱ ምን ነበር? ቦታው ጠብቦ የባትሪው ጥግ ውስጥ ያለው ኔጌቲቭ መታጠፉ ነው። ያ ሁሉ መሐንዲስ ያለው ኩባንያ እንኳ ከባትሪ መጨፍለቅ አላመለጠም። አንተ በአውራ ጣትህ ተጭነህ የምታመልጥ ይመስልሃል?

«ደንበኛው ገንዘብ የለውም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ የለውም። እንግዲያው እውነቱን ንገሩት። ባትሪውን አውጡና ስልኩን ባዶውን ስጡት፤ ገንዘብ ሲያገኝ ይመጣል። ሰውን ስልክ አልባ ማድረግ ያሳዝናል፤ ቤቱን ማቃጠል ግን ወንጀል ነው! ድሃ ስለሆነ አደገኛ ዕቃ ይገባዋል የሚል ጠጋኝ መፍቻውን ያስቀምጥ!

ሌላውን ባጭሩ። ርካሽ ቻርጀር ውስጡ 220 ቮልቱን ከስልኩ በደንብ የማይለይ አለ፤ እንዲህ ያለውን አትሽጡ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ እስኪረጋጋ ቻርጀሩን መንቀል ነው። ድሬዳዋ ወይም አፋር ላለ ደንበኛ ስልኩን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ እንዳይተው ንገሩት፤ ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ይጎዳል። የባትሪው ዕድሜ እንዲረዝም የሚፈልግ ቻርጁን ከ20 እስከ 80 በመቶ መካከል ያቆየው። ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ካለ ፓወር ባንኩን በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ ጭነት ውስጥ አይገባም። ስልክ ማጨስ ከጀመረ በእጅ አይነካም። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ከቆጣሪው ይጥፋ፣ ከዚያ በብዙ ውኃ ይቀዝቅዝ። ጭሱ መርዝ ነው፤ ልጆች ይውጡ።

ለአሰልጣኞቹ አንድ ጥያቄ አለኝ። በተግባር ፈተናችሁ ላይ ስክሪን መቀየር አለ፣ ብየዳ አለ። ያበጠ ባትሪ ሳይበሱ ማውጣትና አሸዋ ባለበት ቆርቆሮ ማስቀመጥ ግን የለም። ለሚቀጥለው ዙር ይግባ። ይህን ያላለፈ ሠልጣኝ አይመረቅ። ቆርቆሮውንና አሸዋውን እኔ አመጣለሁ፤ ለማስተማርም ሳልከፈል እመጣለሁ። መልሳችሁን ዛሬ ከዚህ ሳልወጣ ብሰማ ደስ ይለኛል።

አመሰግናለሁ።