ሃይድሮጄል ከሰውነት ጋር ይስማማል? ፍተሻው ከአይጧ በፊት ይጀምራል

[ምስል፦ በመስታወት ሳህን ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ግልጽ ጄል በቅርበት ይታያል።]

ተልባ ተዘፍዝፎ ሲያድር የሚያወጣውን ዝልግልግ ያየ ሰው ሃይድሮጄልን ለመረዳት አይቸገርም። ውሃ ጠጥቶ የሚያብጥ፣ ግን የማይሟሟ የፖሊመር (የረጃጅም ሞለኪውል ሰንሰለቶች) መረብ ነው። ቪችተርሌ እና ሊም እ.ኤ.አ. በ1960 ይፋ ያደረጉት ጄል ለስላሳውን የዓይን ሌንስ አስገኝቷል። ሌንስ ካልተመቸ ወልቆ ይጣላል፤ ከቆዳ ሥር የተቀበረውን ግን እንዲህ በቀላሉ አናወጣውም።

«ሰውነት ጄሉን አልተቀበለውም» ሲባል ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፖሊመሩ ሳይሆን ውስጡ የቀረው ነገር ነው፦ ያልተያያዘ ሞኖመር (የፖሊመሩ መነሻ ቁራጭ)፣ የማያያዣ ኬሚካል ቅሪት ወይም ኢንዶቶክሲን (ከባክቴሪያ የሚመጣ መርዝ)።

ስለዚህ መጀመሪያ እጠቡት። በፒቢኤስ (ጨውነቱ ከሰውነት ጋር በተመጣጠነ ፈሳሽ) ውስጥ፣ ፈሳሹን በየቀኑ እየቀየራችሁ፣ የጄሉ ክብደት መለዋወጡን እስኪያቆም ድረስ። እጥበቱ ቅሪቱን ያወጣል፣ ጄሉንም ያጠግበዋል። ሳይጠግብ የተቀበረ ጄል ሰውነት ውስጥ አብጦ ዙሪያውን ይጫናል፤ ከዚያ በግፊት የመጣው ብግነት በኬሚካሉ ይመካኛል።

[ምስል፦ የአውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ጀርም የሚገድል ዕቃ) የግፊት ጌጅ፣ ቀስቱ 15 ፒኤስአይ ላይ።]

በአውቶክሌቭ ጀርም ስትገድሉ፣ ጅማ ላይ ለምትሠሩ አንድ ነገር እንጨምር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ይላል። ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ እንፋሎቱ 121 ሳይሆን ወደ 118 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞሜትሩን ተከተሉ።

121 ቢደርስም ባክቴሪያው ይሞታል እንጂ ሬሳው አይጠፋም፤ ኢንዶቶክሲን ማለት የዚያ ሬሳ ቁራጭ ነው። የመስታወት ዕቃ በ250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት 30 ደቂቃ ቢቆይ ይጸዳል። ጄል ይህን አይችልም፤ ውሃውም ዱቄቱም ከመነሻው ንጹሕ መሆን አለባቸው። በተለይ ከባሕር አረም የሚወጣውን አልጂኔት ሳትመረምሩ አትመኑ። የተለመደው ጣሪያ ለአንድ ተቀባሪ ዕቃ 20 የኢንዶቶክሲን ዩኒት ነው፤ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ለሚነካ 2.15።

ቀጥሎ ሕዋስ። በአይኤስኦ 10993 ክፍል 5 (የሕክምና ዕቃ ሕዋስን ይጎዳ እንደሆነ የሚፈተሽበት ዓለም አቀፍ ደረጃ) መሠረት ጄሉን በማሳደጊያ ፈሳሽ፣ በ37 ዲግሪ፣ ለ24 ሰዓት ዘፍዝፋችሁ ፈሳሹን ለኤል929 የአይጥ ሕዋሳት ትሰጣላችሁ። ደረቅ ጄል ግን ፈሳሹን ራሱ ይጠጣዋል። ምን ያህል እንደሚጠጣ አስቀድማችሁ ለኩና ያንኑ ያህል ጨምሩ፤ አለዚያ የቀረው ፈሳሽ ለሕዋሳቱ አይበቃም። በኤምቲቲ ምርመራ ቢጫው ቀለም በሕያው ሕዋስ ውስጥ ሐምራዊ ይሆናል። ሕያውነቱ ከማነጻጸሪያው 70 በመቶ በታች ከወረደ ወደ እንስሳ አትሂዱ።

አይጧ የመጨረሻዋ ናት፣ ያውም በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ። ከቆዳ ሥር ተቀብሮ ለምሳሌ በ1፣ በ4 እና በ12 ሳምንት ይታያል። ተቀዶ ያለ ጄል የተሰፋ ማነጻጸሪያ ቁስል አይቅር።

[ምስል፦ ስላይድ፣ መሃሉ ላይ ባዶ ክብ።]

ይህ ባዶ ቦታ ብዙዎችን ያሳስታል። ናሙናው ፎርማሊን ከጠገበ በኋላ በአልኮል ሲደርቅ ጄሉ ውሃውን አጥቶ ይኮማተራል፣ ከሥጋው ይላቀቃል፣ ሲቆረጥም ይወድቃል። ፈሳሽ የቋጠረ ቁስል መስሏችሁ እንዳትመዘግቡት። ሰውነት በጄሉ ዙሪያ የሚሠራውን የጠባሳ ሽፋን ውፍረትም አንድ ቦታ ሳይሆን ዙሪያውን ለኩ።

በ12ኛው ሳምንት ቀጭን የጠባሳ ሽፋን አያስደነግጥም። ኒውትሮፊል (ጀርም የሚዋጋ ነጭ የደም ሕዋስ) በብዛት ካያችሁ ግን የማነጻጸሪያውን ስላይድ አንሱ፤ እዚያም ካለ ጀርሙ የገባው በቀዶ ጥገናው ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።