ደረቅ አየርና የህሊና ፎጣ

ብሩክ፦ ዛሬ የአየር እርጥበት በመተንፈሻ አካል ቫይረሶች ስርጭት ላይ ስላለው ሚና እንወያያለን። ህሊና ግን ስለ ፎጣዋ ካላወራች አትለቀንም።

ህሊና፦ ሁሉም የጀመረው ከፎጣው ነዋ! ልጄን ሌሊት ሌሊት ደረቅ ሳል ያስቸግራት ነበር። የእርጥበት መለኪያ ገዝቼ ክፍሏ ውስጥ ባስቀምጠው፣ ማሞቂያው ሲሠራ 24 በመቶ አሳየኝ። ፎጣ ነክሬና ጨምቄ ከአልጋዋ አጠገብ ሰቀልኩ። ጠዋት ስነካው ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ቆሟል። ያን ሁሉ ውሃ አየሩ ጠጥቶታል! የልጄን ጉሮሮስ እንዴት አድርጎት ይሆን?

ብሩክ፦ ሳሉ ተሻላት?

ህሊና፦ ተሻላት። በፎጣው ነው ብዬ ግን አልምልም።

ብሩክ፦ እሺ፣ ወደ ቫይረሱ እንግባ።

ህሊና፦ መጀመሪያ የጊኒ ፒጎቹን፣ የእነዚያን አይጥ መሰል የላቦራቶሪ እንስሳት፣ ታሪክ ስማኝ! እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1918ቱ ወረርሽኝ ዘመን፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ካምፕ ኮዲ በተባለ የጦር ሰፈር፣ ኢንፍሉዌንዛው እንደገባ የላቦራቶሪው ጊኒ ፒጎች መሞት ጀመሩ። ሐኪሞቹም ይህንን ጽፈው አስቀመጡ። ፒተር ፓሌዝ የተባለ ተመራማሪ ያንን አሮጌ ጽሑፍ ያገኘው ከስንት ዘመን በኋላ ነው!

ብሩክ፦ ከዚያስ?

ህሊና፦ እሱና ባልደረቦቹ የታመሙትንና ጤነኞቹን አየር በሚጋሩ የተለያዩ ጎጆዎች አኖሯቸው። ውጤቱን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 አሳተሙ። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 20 ወይም 35 በመቶ ሲሆን አብዛኞቹ ጤነኞች ተያዙ። 80 በመቶ ሲሆን አንድም አልተያዘም። አንድም!

ብሩክ፦ በ5 ዲግሪ ግን እርጥበቱ ከፍ ሲልም ተላልፏል። ብርዱን አትርሺው።

ህሊና፦ አልረሳሁትም። ግን ደረቅ አየር የሚያደርገውን አስበው፤ ከሳል የወጣችው ጠብታ ውሃዋ ይተንና ቀልላ አየር ላይ ትንሳፈፋለች። የአፍንጫችንና የሳንባ ቧንቧችን ንፍጥም ይደርቃል፤ ቆሻሻ ጠርገው የሚያወጡት ጥቃቅን ፀጉሮች ይዳከማሉ።

ብሩክ፦ ታዲያ በሞቃታማው የምድር ወገብ አካባቢ ኢንፍሉዌንዛ በዝናብ ወቅት የሚበረታው ለምንድን ነው?

ህሊና፦ ሰው ቤት ውስጥ ስለሚታጨቅ ይሆናል... ይህ እኔንም ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም።

ብሩክ፦ ለዚህ ነው መስኮት ክፈቺ የምልሽ። ንጹሕ አየር ቫይረሱን ይዞት ይወጣል።

ህሊና፦ በብርድ ጊዜ የሚገባው አየር እኮ ደረቅ ነው! በዜሮ ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 5 ግራም ያህል ውሃ ነው የሚይዘው። ያው አየር ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ፣ ማለትም ሊይዝ ከሚችለው ውሃ ውስጥ የያዘው ድርሻ፣ ከ30 በመቶ በታች ይወርዳል።

ብሩክ፦ ቢወርድም ቫይረሱ ወጥቷል። ፎጣሽ ቫይረስ አያስወጣም። ከ60 በመቶ ካለፈ ደግሞ ግድግዳው ይሻግታል።

ህሊና፦ ከ40 እስከ 60 ባለው መካከል እይዘዋለሁ። ፎጣውን ግን አላወርድም።

ብሩክ፦ መስኮቱስ?

ህሊና፦ ዛሬ ማታ ልጄ ከመተኛቷ በፊት አሥር ደቂቃ እከፍተዋለሁ። ከዚያ መለኪያውን አያለሁ።

ብሩክ፦ ቁጥሩን ላኪልኝ።