ሴቭ ሳይደረግ የተዘጋው ዶክመንት የት ሄደ?

ሰላም ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ መግቢያ አላበዛም። ይሄን ቪዲዮ ከምታዩት መካከል ፋይሉ አሁን፣ በዚችው ደቂቃ የጠፋበት ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ለእሱ።

እጅህን ከኪቦርዱ አንሳ። አንቺም አንሺ። ምንም አታውርዱ። ምንም ፕሮግራም ኢንስቶል አታድርጉ። ዲስክ ላጽዳ፣ ፎልደር ላስተካክል አትበሉ። ተረጋጉ።

ወርዱ ስታክ አድርጎ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደግሞ በግድ አትዝጉት። ጽሑፉ ይታያችኋል አይደል? ስልካችሁን አውጡና ስክሪኑን ፎቶ አንሱት። የምሬን ነው። ስታክ ያደረገ ወርድ ትንሽ ሲታገሱት የሚነቃበት ጊዜ አለ። ባይነቃ እንኳ ያን ገጽ ከፎቶው እያያችሁ መልሳችሁ ትጽፉታላችሁ። ፎቶ ማንሳት ምንም አያስከፍልም።

አነሳችሁ? ጥሩ። አሁን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። አንድ ብቻ። የጠፋው ጽሑፍ ዲስክ ላይ አርፎ ያውቃል ወይስ አያውቅም? ዛሬ የምናወራው በሙሉ የሚዞረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። አርፎ ያውቃል? ተስፋ አለ፣ እንፈልገዋለን። አርፎ አያውቅም? እንግዲያው የምንፈልገው የሌለ ነገር ነው።

«ዲስክ ላይ ማረፍ» ስል ምን ማለቴ ነው? ኑ፣ አንድ ክፍል ውስጥ እንግባ።

መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ይጽፋል፣ ይጽፋል። ጠመኔው ሲያልቅ ሌላ ያነሳል። ሰሌዳ ደስ ይላል፤ ሰፊ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሲሳሳቱበት በመዳፍ ጠረግ ማድረግ ይቻላል። ግን ሰሌዳ ነው። ደወሉ ሲደወል ተረኛው ዳስተሩን ይዞ ይነሳል። ከዳር እስከ ዳር ይጠርገዋል። ከዚያ በኋላ መምህሩ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ የጻፈው አይመለስም።

ይሄ ሰሌዳ የኮምፒውተራችሁ ራም ነው። የምትጽፏት እያንዳንዷ ፊደል መጀመሪያ የምታርፈው እዚያ ነው። ኤሌክትሪክ እስካለ አለች። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ተረኛው ዳስተሩን ይዞ ተነሳ ማለት ነው።

ደብተሩ ደግሞ ዲስኩ ነው። ሴቭ ስታደርጉ ሰሌዳው ላይ ያለውን ወደ ደብተር ትገለብጣላችሁ። ደብተሩ መብራት ቢጠፋም ደብተር ነው። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ደብተር ነው።

አሁን ደግሞ የምወዳት ልጅ ትግባ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ተማሪ ተቀምጣለች። ማንም አላዘዛትም። በየ10 ደቂቃው ቀና ትላለች፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን በብጣሽ ወረቀት ላይ ትገለብጣለች፣ ወረቀቷን አጥፋ ዴስኳ ውስጥ ታስቀምጣለች። መምህሩ ስለ እሷ አያውቅም። ዘወር ብሎም አላያት። ይቺ ልጅ አውቶሪከቨር ናት። ወርድም ውስጥ አለች፣ ኤክሴልም ውስጥ አለች፣ ፓወርፖይንትም ውስጥ አለች።

መምህሩ ሁሉን በደንብ ደብተር ላይ ገልብጦ ከወጣ ልጅቷ ብጣሹን ቀዳ ትጥለዋለች። አያስፈልግማ! መምህሩ ድንገት ወድቆ በቃሬዛ ከወጣ ግን ወረቀቷን ይዛ ትጠብቀዋለች። ሲመለስ «ይኸው መምህር» ትለዋለች። መብራት ጠፍቶ መልሳችሁ ወርድን ስትከፍቱ በግራ በኩል ብቅ የሚለውን የዶክመንት ሪከቨሪ ዝርዝር አይታችሁታል? እሷ ናት። ወረቀቷን እየዘረጋችላችሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እሷ የምታውቀው ቀና ባለችበት ሰዓት ሰሌዳው ላይ የነበረውን ነው። ገልብጣ ካጎነበሰች በኋላ 9 ደቂቃ ሙሉ የጻፋችሁት ወረቀቷ ላይ የለም። አዲስ ዶክመንት ከፍታችሁ በ7 ደቂቃ ጨርሳችሁ ሴቭ ሳታደርጉ ከዘጋችሁት ጭራሽ ቀና አላለችም። ወረቀት የለም።

እሺ፣ ወደ ተግባር። ወርድን የምታውቁት ስለሆነ ፈጠን እላለሁ። ካስፈለጋችሁ ቪዲዮውን አቁሙት።

አዲስ ዶክመንት ነበር፣ አንድም ጊዜ ሴቭ አላደረጋችሁትም፣ «ዶንት ሴቭ» ብላችሁ ዘጋችሁት። ወርድን ክፈቱ። ፋይል፣ ኢንፎ፣ ማኔጅ ዶክመንት፣ ሪከቨር አንሴቭድ ዶክመንትስ። ኤክሴል ላይ ማኔጅ ወርክቡክ ይላል፣ ፓወርፖይንት ላይ ማኔጅ ፕረዘንቴሽን። መንገዱ ያው ነው። ይሄ ነገር ከኦፊስ 2010 ጀምሮ አለ። ፎልደር ይከፈታል፣ በቀኑና በሰዓቱ ፈልጉት። ሲከፈት ከላይ ባለው መስመር ላይ ሴቭ አዝ የሚል ቁልፍ ታያላችሁ። እሱን ተጫኑ! እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ፋይሉን ያገኛል፣ ያነበዋል፣ ደስ ይለዋል፣ ይዘጋዋል። አሁንም እኮ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ነው ያለው! እነዚህ ፋይሎች ከተፈጠሩ ከ4 ቀን በኋላ ይሰረዛሉ። ስለዚህ «ቅዳሜ እፈልገዋለሁ» የለም። ዛሬ።

ድሮ ሴቭ የተደረገ ዶክመንት ነበር፣ የዛሬውን ሥራ ብቻ ሳታስቀምጡ ዘጋችሁት። ያንኑ ፋይል መልሳችሁ ክፈቱት፣ ኢንፎ ውስጥ ግቡ። ሴቭ ሳይደረግ ሲዘጋ የቀረ ኮፒ ካለ እዚያው ማኔጅ ዶክመንት አጠገብ ከነሰዓቱ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ይሄን እዩ፣ ከዚያ በኋላ ነው ፋይሉን የምትነኩት። እንደ አዲስ መጻፍ ከጀመራችሁ ኮፒው ሊሄድ ይችላል።

በእጅ መፈለግ ለምትወዱ፣ የወርድ አውቶሪከቨር ፋይሎች አፕዳታ በሚባለው የተደበቀ ፎልደር ውስጥ፣ ሮሚንግ፣ ማይክሮሶፍት፣ ወርድ እያላችሁ ስትገቡ አሉ። መጨረሻቸው ነጥብ ኤ-ኤስ-ዲ ነው። ሊብረኦፊስ የምትጠቀሙ ደግሞ እሱም ሲወድቅና መልሳችሁ ስትከፍቱት ያነሳቸው ፋይሎች ካሉ ራሱ ይጠይቃችኋል፤ እሺ በሉት።

ጎግል ዶክስ ላይ ከሆናችሁ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለባችሁም። ኢንተርኔት እስካለ ራሱ ያስቀምጣል። የተበላሸ ነገር ካለ ፋይል፣ ቨርዥን ሂስትሪ። የተሰረዘ ካለ ትራሽ ውስጥ 30 ቀን ይቆያል። አለቀ።

አሁን ወደ ኮሜንቶቻችሁ። ባለፈው ስለ ፍላሽ በሠራነው ቪዲዮ ስር አንድ ሐሳብ ተደጋግሞ መጥቷል። ቃሉ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው፦ «ምን ያስጨንቃል? የሪከቨሪ ሶፍትዌር ታወርዳለህ፣ ስካን ታደርጋለህ፣ ሴቭ ያልተደረገውንም ያመጣዋል።»

ወገኖቼ፣ አያመጣውም። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ በዚህ ሐሳብ ምክንያት ሰው ገንዘቡን ያጣል፣ ይባስ ብሎ ሊድን የሚችለውን ፋይል ያጣል።

የሪከቨሪ ሶፍትዌር የሚፈልገው ደብተሩን ነው። ገጽ በገጽ ይገልጠዋል። ሰሌዳው ላይ ብቻ የነበረ፣ ደብተር ያልነካ፣ ልጅቷም ያልገለበጠችው ነገር ከየት ይምጣ? በጣም ውድ የሆነውን ግዙ፣ ሙሉ ቀን ስካን ያድርግ፣ ባዶ ነው። ዲስክ ላይ ያልተጻፈ ነገር ከዲስክ አይወጣም።

«እሺ፣ ታዲያ ሶፍትዌሩ ለምን ይጠቅማል?» ጥሩ ጥያቄ። ለተሰረዘ ፋይል ይጠቅማል። ደብተሩ ፊት ለፊት ማውጫ አለው እንበል፤ ሪፖርቱ ገጽ 40 ላይ ነው የሚል። ፋይል ስትሰርዙ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ስታደርጉ፣ ኮምፒውተሩ በአብዛኛው ገጽ 40ን አያጠፋውም። ማውጫው ላይ ያለችውን መስመር ይሰርዝና «ይሄ ገጽ ነፃ ነው» ይላል። ጽሑፉ እዚያው ነው። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ።

እስኪጻፍበት! ያቺን ቃል ያዙልኝ። መጀመሪያ ላይ «ምንም አታውርዱ፣ ምንም ኢንስቶል አታድርጉ» ያልኩት ለዚህ ነው። ፋይሉ የጠፋው ከሲ ድራይቭ ነው፤ እናንተ በድንጋጤ የሪከቨሪ ሶፍትዌር እዚያው ሲ ላይ ትጭናላችሁ። ሶፍትዌሩ ነፃ ገጽ ሲፈልግ የት ቢያርፍ ጥሩ ነው? ገጽ 40 ላይ! የሚፈልገው ራሱ ጻፈበት ማለት ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ በሌላ ድራይቭ ላይ ይሁን፣ የተገኘውም ፋይል ወደ ሌላ ድራይቭ ይውጣ። ፍላሽም ሊሆን ይችላል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ማይክሮሶፍት ራሱ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነፃ መሣሪያ አለ፤ ዊንዶውስ ፋይል ሪከቨሪ ይባላል። የሚሠራው በጽሑፍ ትእዛዝ ነው፣ ቆንጆ መስኮት የለውም። በእርግጥ ያስፈራል፤ እኔ ግን ከማላውቀው ድረ ገጽ ከማወርደው ፕሮግራም እሱን እመርጣለሁ። ብቻውን አንድ ቪዲዮ ይገባዋል፣ እሠራዋለሁ። ሰብስክራይብ ካደረጋችሁ ሲወጣ ይደርሳችኋል።

ደስ የማይለውን ደግሞ ልንገራችሁ። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ኤስኤስዲ የሚባለውን የዲስክ ዓይነት ነው። ኤስኤስዲ ላይ ትሪም የሚባል ሥራ አለ፤ ነፃ የተባሉትን ገጾች ቀድሞ ያጸዳቸዋል። ፍጥነቱ የሚጠበቀው በዚህ ነው። ስለዚህ ከኤስኤስዲ ላይ ሙሉ በሙሉ የተሰረዘ ፋይል የመመለስ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ከፍላሽ የተሰረዘ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ጭራሽ አይገባም፤ እዚያ አትድከሙ። ፍላሹን ንቀሉና ምንም ሳትጽፉበት አስቀምጡት።

ሌላም ኮሜንት ነበር። «ፋይሌን አገኘሁት፣ ግን አይከፈትም» ያሉ ሰዎች አሉ። ያገኙት ስሙ በሞገድ ምልክትና በዶላር ምልክት የሚጀምር የተደበቀ ፋይል ነው። መጠኑን እዩት እስቲ። ብዙ ጊዜ 162 ባይት ነው። ስንት ገጽ ጽሑፍ በ162 ባይት ሊገባ? ያ ፋይል ዶክመንታችሁ አይደለም። ወርድ «ይሄን ዶክመንት እገሌ ከፍቶታል» ብሎ በር ላይ የሚለጥፋት ስም ናት። ሙሉ ቀን ስትታገሉ የዋላችሁ ካላችሁ ተዉት፣ ውስጡ ምንም የለም።

እውነተኛው ፋይል ተገኝቶ ተበላሽቷል ካላችሁ ግን ሌላ ነው። ኦፕን በሉ፣ ፋይሉን አንድ ጊዜ ብቻ ክሊክ አድርጉት፣ ኦፕን ከሚለው ቁልፍ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ስትጫኑ ኦፕን ኤንድ ሪፔር የሚል ይመጣል። እሱን ሞክሩ። ቅርጹ ቢበላሽም ጽሑፉ ሊወጣ ይችላል።

ስለ አውቶሴቭም ልናገር፤ ከአውቶሪከቨር ጋር ስለምታምታቱት። አውቶሴቭ ፋይሉ ዋንድራይቭ፣ ማለትም የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ሲሆን ከላይ በግራ የምትበራዋ ማብሪያ ናት። የምትጽፈው ብጣሽ ላይ አይደለም፣ ዋናው ደብተር ላይ ነው። ግሩም ነገር ነው፣ በጣም እወደዋለሁ፤ አንድ አደጋ ግን አለው። ያምናውን ሪፖርት ከፍታችሁ «ላዩ ላይ አስተካክዬ በሌላ ስም አስቀምጠዋለሁ» ካላችሁ አውቶሴቭ አይጠብቃችሁም። የአምናው ላይ ይጽፋል። እንዲህ ስትሠሩ መጀመሪያ ሴቭ ኤ ኮፒ፣ ከዚያ ጽሑፉን ንኩት። ከተጻፈበት በኋላም ቢሆን አትደንግጡ፤ ቨርዥን ሂስትሪ ውስጥ የድሮው አለ። ፋይሉ ገና ካልተዘጋ ደግሞ ኮንትሮል እና ዜድ እየደጋገሙ ወደ ኋላ መመለስም ይቻላል፤ ሴቭ ከተደረገም በኋላ ይሠራል።

አሁን ወርዳችሁን ክፈቱልኝ። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ። እዚያ ሁለት ሳጥኖች አሉ። አንዱ አውቶሪከቨር በየስንት ደቂቃው ይሥራ የሚለው ነው፤ 10 ይላል። 2 አድርጉት። ልጅቷ ቶሎ ቶሎ ቀና ትበል። በጣም ከባድ ፋይል ላይ ትንሽ ቆም ቆም ሊያደርጋችሁ ይችላል፤ ለእኔ ግን ይሄ ከ10 ደቂቃ ሥራ ይረክሳል። ሁለተኛው፣ ሴቭ ሳላደርግ ብዘጋም የመጨረሻውን ኮፒ አቆይልኝ የሚለው ነው። ምልክት ይኑርበት። ምልክቱ ከሌለ ቅድም ያልኳችሁ የ4 ቀን ዕድል የለም። ኦኬ በሉ። ኤክሴልና ፓወርፖይንት ላይም ለየብቻ እንዲሁ አድርጉ፤ የወርዱ ወደ እነሱ አይሄድም።

ፋይላችሁ አሁንም ካልተገኘ ኮሜንት ላይ አራት ነገር ጻፉልኝ፦ የትኛው ኦፊስ እንደሆነ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን ሃርድ ዲስክ፣ ፋይሉ ከዚህ በፊት ሴቭ ተደርጎ ያውቅ እንደሆነና ከጠፋ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ምን እንደሠራችሁ። ያለ እነዚህ መልስ ልስጥ ብል ግምት ነው የሚሆነው። እያነበብኩ እመልሳለሁ። ቻው!