በአየር ላይ የቆመ መኪና ከፍታው እንዴት ይስተካከላል?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ! ዛሬ የምናወራው ስለ ኤር ሰስፔንሽን ነው። ሞላ የለውም፣ ባሌስትራ የለውም፣ መኪናው የቆመው በአየር ከረጢት ላይ ነው። ታዲያ ከፍታው እንዴት ይስተካከላል?

ማሳያችን ላንድሮቨር ዲስከቨሪ 3 ነው። አሜሪካ ያላችሁ ኤልአር 3 የምትሉት። አራቱም ጎማ ላይ ያለው አየር ነው። ከኋላ ብቻ አየር ያለው ፕራዶ የምትነዱም አትሂዱብኝ፣ ነገሩ ያው ነው። ሌክሰስ ኤልኤክስ 470 እና 570 የያዛችሁ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእናንተም መኪና በቁልፍ ከፍ ዝቅ ይላል። ግን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ዘይት ነው፣ አየር አይደለም። ለእናንተ ለብቻው ቪዲዮ አዘጋጃለሁ፤ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ።

[ካሜራው ወደ ማርሹ ይጠጋል]

ይቺን ታያላችሁ? ከማርሹ ኋላ ያለችውን ቁልፍ? ወደ ላይ ስትገፏት መኪናው ለመጥፎ መንገድ 5 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ይላል። ወደ ታች ስትገፏት ለመግባትና ለመውረድ እንዲመች 5 ሴንቲሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። እሁድ እማማን ከቤተክርስቲያን ስትመልሱ ይቺ ቁልፍ ትመረቃለች! ከፍ አድርጋችሁ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ካለፋችሁ መኪናው ራሱ ይወርዳል፤ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። እየወረደ በር ከተከፈተም ባለበት ይቆማል። እግሩን አውጥቶ ያለ ሰው እንዳይጎዳ ነው።

ይሄ የየዕለቱ ነው። ችግር የሚመጣው መደበኛ የሚባለው ከፍታ ራሱ ሲዛባ ነው። አንዱ ጥግ ሲያዘነብል። ሴንሰር ሲቀየር። ያኔ ምን ይደረጋል?

እሺ፣ አሁን ወደ ሮቶ እንሂድ። አዎ፣ ጣሪያ ላይ ወዳለው የውሃ ሮቶ። ክዳኑን ከፍታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውሃው ላይ የምትንሳፈፍ ኳስ አለች። ኳሷ በክንድ ከቫልቩ ጋር ተያይዛለች። ውሃው ሲጎድል ኳሷ ትወርዳለች። ኳሷ ስትወርድ ቫልቩ ይከፈታል። ውሃ ይገባል፣ ኳሷ ትነሳለች፣ ቫልቩ ይዘጋል። ማንም አልነካው! ኳሷ ስንት ሊትር እንዳለ አታውቅም። ውሃው በምን ግፊት እንደመጣ አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የት ጋ እንዳለች።

መኪናውም እንደዚያው ነው። በየጎማው ጥግ ትንሽ ክንድ ያላት ሴንሰር አለች። ክንዷ ሻንሲውን ከጎማው ተሸካሚ ጋር ታገናኛለች። ሰው ሲገባ መኪናው ይወርዳል፣ ክንዷ ትዞራለች፣ ኮምፒውተሩ አየር ያስገባል። በብዙ ከባድ መኪናዎችና አውቶቡሶች ላይ እንዲያውም ኮምፒውተር አያስፈልግም። ክንዷ ራሷ ቫልቩን ትከፍታለች። ቁርጥ ሮቶው!

አሁን ንገሩኝ። ውሃው አራት ጣት ዝቅ ብሎ እንዲቆም ብትፈልጉ ምን ታደርጋላችሁ? ዋናውን ቧንቧ ትዘጋላችሁ? አይደለም። የኳሷን ክንድ ጎንበስ ታደርጓታላችሁ። መኪናውም ላይ ሥራው ይሄው ነው። ከፍታ የሚስተካከለው ከረጢቱን በአየር በመንፋት አይደለም። ለሴንሰሯ «መደበኛ ማለት እዚህ ጋ ነው» ብሎ በመንገር ነው።

ቆይ፣ ሮቶውን አልጨረስኩም! ሮቶው ከሥር ቢያፈስስስ? ውሃው ይጎድላል፣ ቫልቩ ይከፈታል፣ ከታች ያለው ፓምፕ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል። ያኔ የኳሷን ክንድ ብታጣምሙ ፓምፑን ነው የምትገድሉት። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በፊት በለቀቅኳቸው ቪዲዮዎች ሥር ተደጋግሞ የሚመጣ አንድ ሐሳብ አለ። «ጭነት ሲኖረኝ ከፍ አደርገዋለሁ፤ አየሩ ሲበዛ ብዙ ይሸከማል።» ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እባካችሁ! ይሄ አደገኛ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

በከረጢቱ ውስጥ ያለውን ግፊት በዋናነት የሚወስነው በላዩ ያረፈው ክብደት ነው። አምስት ሰው ከነሻንጣው ሲገባ መኪናው ይወርዳል፣ ሥርዓቱ አየር ይጨምራል፣ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ መኪናው ወደ ከፍታው ይመለሳል። አለቀ፣ ሥራውን ሠርቷል። ከዚያ ላይ ቁልፏን ወደ ላይ ብትገፏት አየሩ ቦታ ይይዛል፣ መኪናው ይነሳል፣ የመሸከም አቅሙ ግን ንቅንቅ አይልም። አቅሙ ያለው አክሱ ላይ ነው፣ ጎማው ላይ ነው፣ ፍሬኑ ላይ ነው፣ ሻንሲው ላይ ነው። አምራቹ የጻፈው የክብደት ልክ በቁልፍ አይጨምርም። ጭራሽ የተጫነ መኪና ከፍ ሲል ኩርባ ላይ የመገልበጥ አደጋው ይብሳል።

ሌላም አለ። ሞላ ያለው መኪና ከልክ በላይ ሲጫን ኋላው ቁጭ ይላል። ታዩታላችሁ፣ «ኧረ በዛ» ትላላችሁ። አየር ያለው ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከውጭ ሲታይ ባዶ ይመስላል። ስለዚህ በዓይን አትመኑ፣ ክብደቱን እወቁ። እናት አባት ይዛችሁ ክፍለ ሀገር የምትወጡበት መኪና ነው።

ወደ ሥራው፣ ቶሎ ቶሎ። ደልዳላ ሜዳ። የጎማ ንፋስ ልክ። ሞተሩ ይሥራ፣ በሮች ዝግ፣ መደበኛ ከፍታ ላይ። ከጎማው መሃል ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። አራቱንም። ከመሬት አትለኩ፣ የጎማው ንፋስ ያሳስታችኋል። ልኩን ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚገናኘው ዲያግኖስቲክ መሣሪያ አስገቡ፣ አስቀምጡ፣ ትንሽ ነድታችሁ እንደገና ለኩ። ከባድ መኪና ላይ ደግሞ የቫልቩን ክንድ የያዘችው ዘንግ ርዝመት ነው የሚስተካከለው። እዚያ ልኩ ከተዛባ ኃይል ወደ ጎማው የሚወስደው የካርዳኑ ዘንግ ማዕዘን ይዛባል፣ መኪናው መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

የሴንሰሩን ዘንግ በሌላ ቀይረው መኪናውን ለዘለቄታው ከፍ የሚያደርጉ አሉ። እኔ አልወደውም። ኮምፒውተሩ መደበኛ ላይ ነኝ ብሎ ያስባል፣ እናንተ ግን በፈጣን መንገድ ላይ ከፍ ብላችሁ ነው የምትነዱት።

አሁን ያ የሚያፈስሰው ሮቶ። ልኩን ከመንካታችሁ በፊት አየር አለማፍሰሱን እወቁ። ማታ አራቱንም ጥግ ለኩ፣ ጠዋት ድገሙት። ዲስከቨሪ ቆሞ ሳለ አልፎ አልፎ ይነቃና ሌሎቹን ጥጎች ወደ ዝቅተኛው ያወርዳል። ሌሊት «ጭስስ» የሚል ድምፅ የሰማችሁ፣ እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ከረጢት ብቻ አፍስሶ ጠዋት አራቱም ወርደው ልታገኙ ትችላላችሁ። በሳሙና ውሃ መገጣጠሚያዎቹንና የከረጢቱን እጥፋት እርጩ። አረፋ ከተነፋ አገኛችሁት።

ሳታገኙ ብትቀሩ የሚሞተው ኮምፕረሰሩ ነው፤ ከረጢቶቹን በአየር የሚሞላው ፓምፕ። በግራ በኩል ከሥር፣ በፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ያለው። ብዙ ሲሠራ ይግላል፣ ሲግል ራሱን ያጠፋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ያንኑ ከረጢት ለመሙላት ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። እዚህ የሚያፈስ ከረጢት ይዞ መንዳት ኮምፕረሰሩን ቶሎ ይጨርሰዋል።

[ስክሪን ላይ በቀይ፦ በአየር ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አትግቡ]

ይሄን ጮክ ብዬ ልበለው። በአየር ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አትግቡ! ክሪክም ብቻውን አይበቃም። ሻንሲው በጠንካራ መደገፊያ ይያዝ፣ ከዚያ ግቡ። አየሩ ሲወጣ እጅ ለማውጣት ጊዜ አይሰጥም።

ማታና ጠዋት የለካችሁትን ከመኪናችሁ ሞዴል ጋር ከታች ጻፉልኝ። የትኛው ጥግ እንደሚወርድም ጨምሩ። በሚቀጥለው ቪዲዮ ከረጢቱን ራሱን ፈተን እንቀይራለን።