«ዕቃ ይቀየር» ማለት ጥገና አይደለም

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

አዘጋጆቹ የቤት ሚዲያ ሰርቨርን፣ ፊልምና ቪዲዮ አከማችቶ ለቤተሰቡ የሚያሳየውን ኮምፒውተር ማለት ነው፣ ስለማፋጠን ተናገር ብለውኛል። ሐዋሳ ውስጥ በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች እንተዋወቃለንና መግቢያ አላበዛም። እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ልናገር ነው፦ ዘገየ የተባለውን ማሽን ሁሉ «አርጅቷል፣ ይቀየር» እያልን ባለቤቱን መሸኘት ይብቃን።

አቶቴ አካባቢ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። የልጆቻቸውን ሠርግ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ልደት፣ የሚወዷቸውን ፊልሞች አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ አከማችተው ቤታቸው ጄሊፊን በተባለው የሚዲያ ሰርቨር ፕሮግራም ያያሉ። ማታ ማታ ግን ፊልሙ ይቆራረጣል፤ ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። አንድ ሱቅ ቢወስዱት ሳይከፍቱ «አዲስ ይግዙ» አሏቸው። ዋጋውን ሰምተው እኔ ጋ መጡ። «ልጄ፣ እውነት አብቅቶለታል?» አሉኝ።

ከፍቼ ሰርቨሩ በራሱ ሰዓት ጠብቆ የሚሠራቸውን ሥራዎች መርሐ ግብር አየሁ። ፊልሙን ወደፊት ስንስብ ብቅ የሚሉትን ትንንሽ ምስሎች፣ ትሪክፕሌይ የምንላቸውን፣ ማንም ቅንብሩን ካልነካው ሰርቨሩ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው የሚያዘጋጀው። ጋሼ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ ያቃጥላል ብለው ሳይተኙ ሶኬቱን ይነቅላሉ። ከመሃላችን የማይነቅል አለ? ታዲያ አንዱ ባለሙያ «ማሽኑ ሲነሳ ይጀምር» ብሎ አስተካክሎላቸዋል። ማሽኑ የሚነሳው መቼ ነው? ማታ፣ ቤተሰቡ ፊልም ሊያይ ሲቀመጥ!

ይባስ ብሎ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ ያለው የ2 ሰዓት ፊልም 180,000 ፍሬም አለው። በየ10 ሰከንዱ አንድ ምስል ቢወጣ የሚያስፈልገን 720 ብቻ ነው። ያ ምስኪን ማሽን ግን ለ720ው ሲል 180,000ውን በሙሉ ከተጨመቁበት ይፈታ ነበር። «ከቁልፍ ፍሬሞች ብቻ»፣ ማለትም ያለ ሌሎቹ እርዳታ ብቻቸውን ከሚፈቱት ሙሉ ምስሎች ብቻ፣ የምትለዋን ሳጥን ቲክ አደረግኋት። ምስሉ ከሰከንዱ ትንሽ ቢዛነፍ ማን ይከሰናል? ጋሼ ቀን ቤት ስለሚውሉ ሥራውን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አዛወርኩት። የተገዛ ዕቃ የለም።

ይህን ሳያይ ዋጋ የጠራ ሰው ጠጋኝ ሳይሆን ሻጭ ነው! መሸጥ ነውር የለውም፤ ግን የምርመራ ብር አይቀበል!

የቀረውን ቶሎ ልበል። ዳታቤዙና ሜታዳታው፣ ማለትም ስለ ፊልሞቹ የተያዘው መረጃ፣ ፈጣኑ ማከማቻ ኤስኤስዲ ላይ ይሁን፤ ፊልሙ ሃርድ ዲስክ ላይ ቢቀመጥ ግድ የለም። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ውስጡ ያለውን የቪዲዮ ማፋጠኛ፣ ኩዊክ ሲንክን፣ አብሩ፤ ለትሪክፕሌይ ለብቻው እንደሚበራ አትርሱ። 10 ቢት ኤችኢቪሲ የተባለውን፣ አጥብቆ የተጨመቀ የቪዲዮ ዓይነት ለሚያበዛ ደንበኛ 7ኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ይሻለዋል፤ እዚህ ላይ «ቀይር» ብትሉ አልቃወምም።

መብራት ሲሄድ ማሽኑን ስለሚያቆየው ባትሪ፣ ስለ ዩፒኤስም የጻፍኩት ነበር፤ ግን ዓሣው ቀርቧል መሰለኝ። ጥያቄ ያለው እዚያው ማዕዱ ላይ ያግኘኝ። አመሰግናለሁ።