ካርታ የሌለው አባ ኮዳ

ዳዊት፦ ሰላም ለሁላችሁ! የዛሬው ርዕሳችን የሀዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ነው። ዳር ላይ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም፣ ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ ያለው ቦታስ...

ቤዛ፦ የዓሣ ገበያውን፣ አሞራ ገደልን፣ ልትጠራ ከሆነ ያንን ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳውን፣ ሳናነሳ አናልፍም።

ዳዊት፦ አልጠራሁም እኮ!

ቤዛ፦ ልትጠራ ነበር።

ዳዊት፦ (ሳቅ) እሺ። አባ ኮዳ ከከተማው ነዋሪ ሁሉ ሕግ አክባሪው ነው። ዓሣ የሚበልቱት ሰዎች ቢላ ሲያነሱ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ ይቆማል፣ አንጀቱ ሲወረወርለት ብቻ ይገባል። ሴትባክ፣ ማለትም ከመንገዱ ገባ ብሎ ክፍት ቦታ መተው፣ ማለት ይሄ ነው።

ቤዛ፦ ያውም የይዞታ ካርታ ሳይኖረው!

ዳዊት፦ የሚያስቸግረውማ ካርታ ያለው ሰው ነው። «ካርታ አለኝ» ካለ በቃ፣ ያሰበውን ሁሉ የሚሠራ ይመስለዋል። ካርታ ባለይዞታውን፣ ስፋቱን፣ ድንበሩንና የተሰጠበትን አገልግሎት ይነግርሻል። ስንት ፎቅ ይፈቀዳል፣ ከመንገዱ ስንት ሜትር ገባ ይባላል፣ ዛሬ ባጃጅ የማያሳልፈው መንገድ ነገ ስንት ሜትር ይሆናል የሚለውን ግን ፕላኑ ላይ ነው የምታገኚው። የከተማ ፕላን አዋጁ፣ 574/2000፣ ሁለት ዓይነት ፕላን አስቀምጧል፤ የከተማውን አጥንት የሚያሳይ መዋቅራዊ ፕላንና ሰፈር በሰፈር የሚዘረዝር የአካባቢ ልማት ፕላን።

ቤዛ፦ ተራው ሰው ይህን የት ሄዶ ያያል?

ዳዊት፦ ማዘጋጃ ቤት፣ ፕላን ክፍል። ባዶ እጁን ግን አይሂድ። ካርታው ላይ ኤክስና ዋይ የሚል ሰንጠረዥ አለ፤ የማዕዘኖቹ ነጥቦች ናቸው። እሱን ይዞ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ቦታው ፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት ተመደበ፣ ፊት ለፊቱ ያለው መንገድ በፕላን ስንት ሜትር ነው፣ ከፍታው እስከ ስንት ነው። ይሄ ደግሞ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ነው እንጂ ብሎኬት ካራገፈ በኋላ አይደለም።

ቤዛ፦ አሁን ሁሉም ነጥቡን ስልኩ ላይ አስገብቶ ያያል።

ዳዊት፦ አመጣሽልኝ! እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ብዙው የአገራችን ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ ነው። የስልኩ ካርታ የሚሠራው በሌላ፣ በዓለም አቀፉ ነው። ቁጥሩን ሳትቀይሪ እንዳለ ካስገባሽው ቦታሽ 200 ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ 90 ሜትር ያህል ደግሞ ወደ ምዕራብ ሸሽቶ ይታይሻል።

ቤዛ፦ ሀዋሳ ላይ በምዕራብ በኩል ያለው ደግሞ...

ዳዊት፦ ሐይቁ! ዳር ላይ ያለ ቦታ ስልክ ላይ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል።

ቤዛ፦ አባ ኮዳው ዘንድ! (ሳቅ) ሰውዬው ተታለልኩ ብሎ ሻጩን ሊከስ ነው።

ዳዊት፦ ወይም በተቃራኒው፣ በእውነት ችግር ያለበትን ቦታ «ስልኩ ነው የተሳሳተው» ብሎ ይገዛል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀያሹ የትኛውን መነሻ እንደተጠቀመ ጠይቆ ማስቀየር። የእጅ ጂፒኤስ ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ይስታል። 10 በ20 ለሆነ ቦታ አምስት ሜትር ማለት የፊቱ ስፋት ግማሽ ነው። ድንበር በእጅ ጂፒኤስ አይለካም፤ ቶታል ስቴሽን የሚባለው የቀያሽ መሣሪያ ነው የሚያስፈልገው።

ቤዛ፦ እኔ የምለው፣ ስለ አጥር ሱቅ ሳናወራ እንዳንጨርስ።

ዳዊት፦ ወይ አጥር ሱቅ! አጥር ፈርሶ፣ ቆርቆሮ በር ተገጥሞ፣ ሁለት ሱቅና አንድ ፀጉር ቤት። ያ ቦታ እኮ ክፍት ይቀመጥ የተባለው ሴትባክ ነው። መንገዱ በፕላኑ ልክ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው፣ ያለ ፈቃድ ለተሠራ ነገር ደግሞ ካሳ የለም።

ቤዛ፦ የሰው እንጀራ ነው ግን። ከዚያች ሱቅ ልጅ የሚያስተምር አለ። ቅይጥ አገልግሎት የሚባለው ለምን ተፈጠረ ታዲያ?

ዳዊት፦ ቅይጥማ ጥሩ ነገር ነው፣ የተመደበበት መስመር ላይ። ቤቱን ራሱን ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ አድርጎ ማስፈቀድ ይቻላል። ግን አገልግሎት ስትቀይሪ ውሉም ይነካል። በሊዝ አዋጁ፣ በ721/2004፣ መኖሪያ 99 ዓመት ነው፤ ንግድ ከአዲስ አበባ ውጭ 70።

ቤዛ፦ 29 ዓመት ለአንድ ፀጉር ቤት!

ዳዊት፦ (ሳቅ) ስለዚህ አስቦ ነው እንጂ...

ቤዛ፦ እኔ አሁንም ከሱቆቹ ጋር ነኝ። ፕላኑ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ሱቅ ካልፈቀደ ሰው ለአንድ ኪሎ ስኳር ባጃጅ ይያዝ?

ዳዊት፦ እሱ ላይ እውነት አለሽ። አጥሩ ላይ ግን አይደለም።

ቤዛ፦ የት ታዲያ?

ዳዊት፦ ይቆየን። ሐይቁን ረሳነው እኮ! ባጭሩ፣ ሀዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ቆሻሻ እዚያው ነው የሚቀረው። ዳር ላይ ሲሠራ መጀመሪያ መታየት ያለበት ፎቁ አይደለም፣ ሽንት ቤቱ ነው። ከርሰ ምድር ውሃው ለመሬቱ ቅርብ ነው፣ አፈሩም ውሃ ቶሎ ያሳልፋል። ታች ክፍት የሆነ ጉድጓድ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ነው የሚሰርገው።

ቤዛ፦ በኮንክሪት የታሸገ ሴፕቲክ ታንክ ቢሆንስ?

ዳዊት፦ የግድ ነው፤ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ከውጭ ሲለካ 2 በ3 ሜትር ሆኖ 2 ሜትር የጠለቀ ታንክ ውሰጂ። ክረምት ውሃው አፉ ድረስ ከከበበው 12 ቶን የሚሆን ጉልበት ወደ ላይ ይገፋዋል። መኪናው መጥቶ ሙልጭ አድርጎ ሲመጠው ባዶው ታንክ ከዚያ ከቀለለ ይነሳል፣ ቧንቧውንም ይሰብራል። ስለዚህ ወለሉን ከግድግዳው አስወጥቶ አፈር እንዲጫነው ማድረግ፣ ማስመጠጡንም ለበጋ ማድረግ ነው።

ቤዛ፦ ታንክ ሲንሳፈፍ! አባ ኮዳው ቆሞበት ነው የሚያሳየኝ።

ዳዊት፦ (ሳቅ) ሐይቁ ዳር ስላለው የጎርፍ መከላከያም አንድ ነገር ልበል። ሐይቁ ወደ ከተማው እንዳይገባ ይከለክላል። ከታቦርና ከአላሙራ ተራሮች በኩል የሚወርደው ዝናብም ግን ወደ ሐይቁ ማለፊያ ይፈልጋል። ማፋሰሻ ቱቦው በላስቲክና በደለል ከተደፈነ ከመከላከያው ጀርባ ያለው ቤት በዝናቡ ነው የሚጥለቀለቀው። ዳር ላይ የሚገዛ ሰው የመጨረሻው ማፋሰሻ የት እንዳለ በእግሩ ሄዶ ይይ፣ ሐምሌ ላይ ቢሆን ይመረጣል።

ቤዛ፦ የጥቁር ውሃው ወንዝስ?

ዳዊት፦ ሰዓቱ አለቀ። እሱ ለሚቀጥለው።

ቤዛ፦ አጥር ሱቁም ለሚቀጥለው። እኔ አልለቅህም።